ባለ አምስት ፊደል ዕውቀት

ባለፈው ክረምት እኛ የደብረ ታቦር፣ የእስቴ፣ የፎገራና የጋይንት ልጆች ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ፣ እንደ ልማዳችን ለታናናሾቻችን የማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት ተሰባስበን ነበር። የትምህርቱ መዝጊያ እንዲደምቅ ብለንም አንድ የእንግሊዝኛ ቃላት ውድድር አዘጋጀን። ደንቡ ቀላል ነበር። እኛ አንድ ፊደል እንጠራለን፤ ተወዳዳሪው ያ ፊደል የሚገኝባቸውን ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው ይደረድራል፤ ብዙ የደረደረ ያሸንፋል። ደንብ አውጪዎቹም፣ ዳኞቹም፣ አጨብጫቢዎቹም እኛው ነበርን። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ሌላውን ለመንቀፍ ሳይሆን ራሳችንን ለመውቀስና፣ የሚመጣው ክረምት ከመድረሱ በፊት ደንቡ እንዲለወጥ ለማኅበራችን አባላት ለማሳሰብ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። በመጨረሻው ዙር «ኪው» የተባለው ፊደል ወጣ። ከፋርጣ ገጠር የመጣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ ያወርደው ጀመር፤ «ኩዊን» ንግሥት፣ «ኩዊክ» ፈጣን፣ «ኩዌይል» ድርጭት፣ «ኩዌክ» መንቀጥቀጥ፣ «ኢኵዋል» እኩል እያለ ሃያ ሦስት ቃል ሲሞላ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥላ የተነሣችው ልጅ አሥራ አንድ ቃል ብቻ አገኘች። ነገር ግን «ኪው» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ፣ ማለትም ሰልፍ የሚለው ላይ፣ ቆም ብላ እናቷ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ውኃ ፊት የምትቆመው እንደሆነ ነገረችን፤ ከዚያም «ማይ ማዘር ኢዝ ኢን ዘ ኪው» ብላ በራሷ አፍ አንድ ዐረፍተ ነገር ሠራች። እኛ ግን ይህን የሚቈጥር ሕግ አልነበረንምና ጊዜ ታጠፋለች ብለን ደወሉን ደወልንባት። ሽልማቱ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ለልጁ ተሰጠ።

ሽልማቱን ከሰጠን በኋላ ከመካከላችን አንዱ፣ ለደስታ ያህል፣ ጠዋት ለምን እንደ ዘገየ ልጁን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ጥያቄው ቀስ ተብሎ ተደገመለት፤ አሁንም ዝም አለ። በአማርኛ ስንጠይቀው ግን ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሌሊት ከጉና በኩል የወረደው ዝናብ ወንዙን ሞልቶት፣ ድንች የጫነች አህያ ይዤ ውኃው እስኪጎድል ማዶ ቆሜ ነበር» አለን። ወንዙ ምን ያህል እንደ ደፈረሰ፣ አህያይቱ እንዴት አልሻገርም እንዳለች፣ ከማዶ የቆሙት ሽማግሌ ምን ብለው እንደ መከሩት አንድ በአንድ አወጋን። እንዲህ ያለ አንደበት ያለው ልጅ ሃያ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል በእጁ ይዞ፣ ከሃያ ሦስቱ አንዱ እንኳ «ዘገየሁ» ለማለት አልረዳውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ በመካከላችን ክርክር ተነሥቷል። ለመሆኑ በዚያ ውድድር የለካነው ምንድን ነው? ዕውቀት ነውን? ቋንቋ ነውን? ወይስ ጉሮሮ?

ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው። የእንግሊዝኛ ፊደላት 26 ናቸው። እነዚህን በአምስት ቦታ እያቀያየርን ብንደረድራቸው 11,881,376 ዐይነት አደራደር ይገኛል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቃል ሆኖ ሰው የሚጠቀምበት እጅግ ጥቂት ነው፤ ዶናልድ ክኑት የተባሉት አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስብስብ ውስጥ ያሉት ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላት 5,757 ናቸው። እንግዲህ ከሁለት ሺህ አደራደር አንዱ እንኳ ቃል ለመሆን አይበቃም ማለት ነው። አንዱን አደራደር ቃል፣ ሌላውን የፊደል ክምር የሚያደርገው ምንድን ነው? ሰዎች አንድ ነገር ሊባባሉበት መስማማታቸው ብቻ ነው። መባባል የሌለበት ቃል ከክምሩ አይለይም።

እንዲያውም ፊደል መቍጠር የሚያሳስትበት ጊዜ ብዙ ነው። «ብሬድ» ዳቦ ነው፤ «ቢርድ» ጢም ነው፤ ሁለቱም የተጻፉት በነዚያው አምስት ፊደላት ነው። ተማሪያችን ሥፍራቸውን ካዛነፈ እናቴ ጢም ጋገረች ማለቱ ነው። «አንግል» ማእዘን፣ «ኤንጀል» መልአክ፤ አምስቱ ፊደል አንድ ነው። «ሃርት» ልብ፣ «ኧርዝ» ምድር፤ «ናይት» ሌሊት፣ «ቲንግ» ነገር፤ «ኳየት» ጸጥታ፣ «ኳይት» ፈጽሞ፤ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ እኛን የነካን አንድ አለ። «ስተዲ» ጥናት ማለት ሲሆን፣ አምስቱን ፊደላት ብናዘዋውራቸው «ደስቲ» ይሆናል፤ ትርጉሙም አቧራማ ነው። ያልተነገረበት ጥናት አቧራ እንደሚለብስ ቋንቋው ራሱ የመሰከረብን ይመስላል።

ደግሞ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት እንደኛ ፊደል አይደለም። እኛ 33ቱን ፊደል በሰባት ሰባት ቤት አድርገን 231 ብንቈጥር፣ ሕፃኑ የጻፈውን ያነባል፣ የሰማውን ይጽፋል። ያቺ ልጅ ቆም ያለችበት ቃል ግን፣ ሰልፍ የሚለው፣ በአምስት ፊደል ተጽፎ የሚነበበው የመጀመሪያው ፊደል ስም ብቻ ነው። ይህን ከወረቀት ላይ ፊደል በመቍጠር ማንም አይደርስበትም፤ ሲነገር መስማት ያስፈልጋል። እንግዲህ ለእንግሊዝኛ ከማናቸውም ይልቅ ጆሮና አፍ ያሻዋል፤ እኛ ግን የሰጠነው ዐይንና የቃል ጥናት ብቻ ነው።

ፊደልን ያለ ትርጉም መጫወት በዓለም የታወቀ ነገር መሆኑን አንክድም። አልፍሬድ በትስ የተባለው አሜሪካዊ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፈውና በ1948 «ስክራብል» የሚል ስም የወጣለት የፊደል ጠጠር ጨዋታ በብዙ አገሮች የታወቀ ነው። ጆሽ ዋርድል እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው፣ በ2022ም «ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ የገዛው «ወርድል» የተባለው ባለ አምስት ፊደል እንቆቅልሽም በጥቂት ወራት ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ ነው። ከኛም መካከል በእጅ ስልኩ በየማለዳው የሚጫወተው አለ። ግን አንድ ታሪክ እናስታውስ። የኒውዚላንዱ ተወላጅ ናይጄል ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይኛውን የስክራብል የዓለም ሻምፒዮና አሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ የስፓንኛውን። ይህ ሰው በፈረንሳይኛም ሆነ በስፓንኛ መነጋገር አይችልም። ለፈረንሳይኛው የተዘጋጀው የቃላቱን መዝገብ ለጥቂት ሳምንታት በቃሉ በማጥናት ነው። የማስታወስ ኀይሉን እናደንቃለን፤ እርሱም ፈረንሳይኛ አውቃለሁ ብሎ ማንንም አላታለለም። የኛ ስሕተት እዚህ ላይ ነው። እርሱ ጨዋታ መሆኑን ዐውቆ ተጫወተ፤ እኛ ግን ጨዋታውን ትምህርት ብለን ለልጆች ሰጠናቸው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «በቃል ማጥናት የአባቶቻችን ልማድ ነው፤ እናንተ ከየት የመጣችሁ ናችሁ?» ይሉናል። መልካም፤ ወደ አባቶቻችን እንሂድ። አገራችን የትምህርት አገር ናት። ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ናት። የፎገራው ተወላጅ አለቃ ገብረ ሐና በነገር አዋቂነታቸው እስከ ዛሬ ይወሳሉ፤ በርሳቸውና በልጃቸው በተክሌ ስም የታወቀው የተክሌ አቋቋምም ደብረ ታቦር ኢየሱስን ደብሩ አድርጎ ይኖራል። በዚህ አገር ቃል በቃሉ ያልያዘ ሰው ሊቅ አልተባለም። ይህን እኛም እናምናለን።

ነገር ግን ቅኔ ቤት ምን እንደሚደረግ ልብ ብለን እንመልከት። ተማሪው ግስ ያጠናል። ቀተለ ገደለ፣ ቀደሰ አመሰገነ፣ ተንበለ ለመነ፣ ባረከ፣ ማህረከ ማረከ፣ ሴሰየ መገበ፣ ክህለ ቻለ፣ ጦመረ ጻፈ እያለ ከስምንቱ አርእስት ተነሥቶ፣ ሦስት ፊደል የሆነውን ከሦስቱ፣ አራት የሆነውን ከአራቱ እየመደበ፣ የሚመስለውን በሚመስለው ያስከትላል። እንግዲህ በፊደል ቍጥር ተለክቶ፣ ከነትርጉሙ ተደርድሮ የሚጠና ቃል ለኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ የውድድራችን ደንብ ሳናውቀው ከቅኔ ቤት ግማሹን ወስዷል። የቀረው ግማሽ ግን ዋናው ነበር። የቅኔ ተማሪ ግሱን ይዞ አይተኛም፤ ወደ ዱር፣ ወደ ወንዝ ዳር ይወጣና ቅኔ ይቈጥራል። ሁለት ቤት የሆነችውን ጉባኤ ቃና ከራሱ ልብ አውጥቶ ማታ የኔታ ፊት ይቆምና ይነግራል። የተበላሸችውን የኔታ ያርሙለታል፣ ያማረችውን ጓደኞቹ ያደንቁለታል። ትናንት ያጠናት ግስ ዛሬ የራሱ አሳብ ማደሪያ ትሆናለች። አንድ መቶ ግስ አውቆ አንድ ጉባኤ ቃና መቍጠር ያልቻለውን የኔታ ባለሙያ አይሉትም። እኛ ግን እንዲህ ያለውን መዝገበ ቃላት ሸለምነው።

ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ ስለ ቋንቋ ለሚነጋገር ሌላም ምስክር አለ። ከከተማው ብዙ በማይርቀው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው ያዘዟቸው አውሮፓውያን፣ እነ ቴዎፊሎስ ዋልድማየር፣ ለስብከት የመጡ እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። አማርኛ ተምረው፣ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር እየተነጋገሩ፣ እየተበላሸ እየታደሰ፣ በመጨረሻ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አወጡ። ሙያው ከሰው ወደ ሰው የተሻገረው በሥራ ላይ በሚነገር ቃል ነው። በአንጻሩ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ለዓመታት መቆየቱ እስከ 1868ቱ መቅደላ ምን እንዳስከተለ ማናችንም እናውቃለን። ሰምቶ መመለስ የሌለበት ቃል ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለኛ አገር ሰው የሚነገር አይደለም።

ወደ ዛሬው ችግራችን እንመለስ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። ስለዚህ የጉና ሥር ልጅ ትናንት በአማርኛ ሲሰማው የኖረውን ሳይንስ፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል። ባዮሎጂው እንግሊዝኛ ነው፤ ፊዚክሱ እንግሊዝኛ ነው፤ ታሪኩም ሳይቀር እንግሊዝኛ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ቋንቋ ብቻ ነው አንልም፤ የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ድኽነት አለ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልላችን የተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤት አዘግቶ ብዙ ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ አርቋል። ነገር ግን አስተማሪው የሚለውን ያልሰማ፣ ያልገባውንም «አልገባኝም» ብሎ መጠየቅ ያልቻለ ልጅ፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ እንዴት አድርጎ ይማራል?

ይህ የሌላ ሰው ታሪክ አይደለም። ከኛ መካከል በመጀመሪያው ዓመት መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲሉ ጥያቄ እያለው አንገቱን ያልደፋ ማን ነው? ዐረፍተ ነገሩን በልባችን አሥር ጊዜ ስናስተካክል ሰዓቱ ያልቃል፤ መምህሩም ገብቷቸዋል ብለው ይወጣሉ። ያ የፋርጣ ልጅ ሲያቀረቅር ያየነው የራሳችንን አንገት ነበር። ስለዚህ ነው ነገሩ ያልለቀቀን።

በምርጫ ፈተና ዘመን ቃል ማወቅ ብቻ ይበቃል የሚሉም አሉ። «ፈተናው ከአራቱ መልሶች አንዱን አጥቍር ነው የሚለው፤ ተናገር አይልም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ምርጫውን ለማጥቈር እንኳ ምንባቡን አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል፤ ምንባብ ደግሞ የተሰካካ ነገር እንጂ የተበተነ ቃል አይደለም። ከፈተናውም በኋላ ኑሮ አለ። ሐኪም የሚሆነው፣ መሐንዲስ የሚሆነው፣ ፍርድ ቤት የሚቆመው ልጅ አራት መልስ ተጽፎ አይቀርብለትም።

ትምህርቱ ሁሉ ለምን በአማርኛ አይሆንም የሚለው አሳብ ደግሞ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በሌላ ዕትም ራሱን ችሎ ሊጻፍበት ይገባል። ሆኖም ያ ክርክር እስኪያልቅ ድረስ የዘንድሮው ልጅ የዘንድሮውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይዞ ተቀምጧል። እርሱን ጠብቀን አንለው ነገር የለንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ውድድሩ ይቅር አንልም። ልጆቹ ወደውታል፤ ክረምቱን ሙሉ ደብተር ላይ ቃል ሲለቅሙ አይተናል። ይህን ፍቅር ማጥፋት ኃጢአት ነው። ደንቡ ግን ይለወጥ። አንደኛ፤ ቃሉን ለጠራ አንድ ነጥብ፣ ትርጉሙን በራሱ አማርኛ ላስረዳ ሁለት፣ ቃሉን ስለ ቤቱ ወይም ስለ አገሩ በሚናገር ዐረፍተ ነገር ላስገባ አምስት ነጥብ ይሰጠው። ሁለተኛ፤ ዐረፍተ ነገሩ ቢሰበር እንደ የኔታ ይታረም እንጂ አይሳቅበት፤ የሳቀ ዳኛ ከዳኝነት ይውረድ። ሦስተኛ፤ የውድድሩ ግማሽ ተገላብጦ ይቅረብ፤ እኛ ፊደል ከመጥራት ፈንታ ገብስ፣ ድንች፣ ጭቃ፣ ወንዝ፣ አህያ እንጥራና ልጁ ስለነዚህ በእንግሊዝኛ ይንገረን። ልጁ የሚናገረው ነገር ያለው እዚያ ነውና። አራተኛ፤ ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርሳቸው ጥያቄ ይጠያየቁ፤ «ለምን ዘገየህ?» የምትለዋ ጥያቄም የመጀመሪያዋ ትሁን።

ለዚህ የሚረዳ መሣሪያ አልጠፋም። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሟል። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ያወጡት መዝገበ ቃላት ደግሞ እያንዳንዱን የእንግሊዝኛ ቃል በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ አማርኛውን ከጎኑ የሚያስቀምጥ ነው። ቃል ብቻውን እንደማይቆም ሊቃውንቱ ከኛ ቀድመው ዐውቀውታል። በየቤተ መጻሕፍቱ የተኛ ቅጂ ካለ ወደ ክረምቱ ትምህርት የሚወሰድበትን መንገድ ማኅበራችን ይፈልግ።

የሚቀር አንድ ዕዳ አለብን። ያቺ ልጅ ዐሥራ አንድ ቃል ብላ ተቀምጣለች፤ ደወል የደወልንባት እኛ ነን። የሚመጣው ክረምት ከመግባቱ በፊት ሳንቲም አዋጥተን አንድ መዝገበ ቃላት እንግዛላትና፣ በጓደኞቿ ፊት ቆመን ጥፋቱ የዳኞቹ እንደ ነበር እንንገራት። ለፋርጣው ልጅም መዝገበ ቃላቱ ብቻ አይበቃውም፤ ከመካከላችን ሁለት ሰው በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት አብሮት ተቀምጦ ያናግረው። ስለዚያ ወንዝና ስለዚያች አህያ በአማርኛ የነገረንን በእንግሊዝኛ የነገረን ዕለት፣ ሃያ ሦስቱ ቃላት ያን ጊዜ የርሱ ይሆናሉ።

በማኅበሩ የሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አሳብ እናቀርባለን። የሚቃወመን ካለ ይምጣና እንከራከር፤ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ፣ እየተሳሳትንም ቢሆን፣ አንገት ሳንደፋ።